ለገበያ ጀማሪ የሚሻለው የትኛው ነው? የሚከፈልበት ሴሚናር ወይስ የራስ ጥናት?

«አክሲዮን» የሚለው ቃል ከባንክና ከኢንሹራንስ መሥራቾች ስብሰባ ወጥቶ ወደ ካፌና ወደ ታክሲ ከገባ ሰንብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኖቹን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። ይህም ማለት በ9,900 ብር የድርጅቱ ባለድርሻ መሆን ይቻል ነበር ማለት ነው። ሽያጩ በየካቲት ወር ሲዘጋ 47,377 ገዢዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮኖችን በ3.2 ቢሊዮን ብር መግዛታቸው ተገልጿል። በዚያው መካከል፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፍቷል።

ገበያ በተከፈተበት አገር ሁሉ ገበያውን «አስተምራለሁ» የሚል መምጣቱ አይቀርም። የአክሲዮን አገዛዝ፣ የውጭ ምንዛሪ ግብይት፣ የዋጋ ሠንጠረዥ ንባብ እየተባለ በሆቴል አዳራሽና በስልክ መስኮት የሚሰጠው ሥልጠና ብዙ ነው። ዋጋውም ከጥቂት ሺህ ብር ተነስቶ የአንድ ጀማሪን የዓመት ቁጠባ እስከመዋጥ ሊደርስ ይችላል። በሌላ በኩል «መጽሐፍ አንብቤ፣ ራሴ ሞክሬ እማራለሁ» የሚል አለ። ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ነው ጀማሪውን የሚጠቅመው?

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው «አስተማሪው ጎበዝ ነው ወይ?» በሚል መልክ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አስተማሪው የሚኖረው ከምን በሚያገኘው ገንዘብ ነው?» የሚለው ነው። ከገበያው በሚያተርፈው የሚኖር ሰውና ከተማሪዎች ክፍያ የሚኖር ሰው የሚሸጡት ዕቃ አንድ አይደለም።

ሴሚናሩ የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአንድ የገበያ ሴሚናር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ዋጋ ታስረው ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው የአሠራር ዕውቀት ነው። ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈት፣ የግዢና የሽያጭ ትዕዛዝ እንዴት እንደሚሰጥ፣ የአገናኙ ኮሚሽን ስንት እንደሆነ፣ የኩባንያ የሒሳብ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዳው ክፍል ነው። ይህ ትምህርት እውነተኛና አስፈላጊ ነው። ሆኖም ምሥጢር አይደለም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ታትሞ የወጣ ሕግ ነው፤ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያም የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን ለገዢ ማቅረብ አለበት።

ሁለተኛው ዘዴ ነው። መቼ እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚሸጥ፣ በአንድ ግዢ ላይ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚደረግ የሚደነግግ የሕግ ዝርዝር ነው። ዘዴ ሊጻፍና ሊነገር ይችላል፤ ከተጻፈ ደግሞ በመጽሐፍም ይገኛል።

ሦስተኛው ተስፋ ነው። «እኔ ከሥራ ወጥቼ በዚህ ነው የምኖረው፣ አንተም ትችላለህ» የሚለው ቃል ነው። ሰልጣኙ ሳያውቀው ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ለዚህ ለሦስተኛው ዕቃ ነው። ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂት ብር ይገኛሉ፤ አስወድዶ የሚያሸጣቸው ተስፋው ነው።

የአሸጣጡም መንገድ በብዙ አገር ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ነፃ ስብሰባ ይጠራል። ከነፃው ስብሰባ ማብቂያ ላይ በአነስተኛ ዋጋ የሚሰጥ የጥቂት ቀናት ትምህርት ይቀርባል። የጥቂት ቀናቱ ትምህርት ደግሞ ወደ ዋናው፣ ወደ ውዱ ትምህርት መሸጋገሪያ ይሆናል። በየደረጃው «ቁልፉ ያለው በሚቀጥለው ነው» ይባላል።

ለዚህ የሚጠቀስ ጉዳይ በአሜሪካ ተፈጽሟል። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኦንላይን ትሬዲንግ አካዳሚ የተባለውን የሥልጠና ድርጅት ፍርድ ቤት አቅርቦት ነበር። ኮሚሽኑ በክሱ እንዳመለከተው ድርጅቱ ማንም ሰው ከገበያ ከፍተኛ ገቢ ሊያገኝ እንደሚችል እያስታወቀ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ትምህርት የሸጠ ሲሆን፣ በድምሩም ከደንበኞች ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘግቷል። ከትምህርቱ ገዢዎች ብዙዎቹ ለጡረታ ያጠራቀሙትን ገንዘብ የያዙ ሰዎች እንደነበሩ ማስታወስ ያሻል። ከሰበሰቡት ላይ የሚከፍሉት እንጂ የሚያባክኑት አልነበራቸውም።

ከመነሻው ላይ የሚቀነስ ገንዘብ

ነጋዴ ሰው ነገሩን በሒሳብ ቢያየው ይሻላል። 50,000 ብር ይዞ የሚነሳ ጀማሪ 15,000 ብር ለሴሚናር ቢከፍል የሚቀረው መነሻ 35,000 ብር ነው። ወደ 50,000 ብር ለመመለስ ብቻ 43 በመቶ ገደማ ማትረፍ ይኖርበታል። ያንን ያህል ካተረፈ በኋላም ቢሆን ያለው ከመጀመሪያው ቀን ያልበለጠ ገንዘብ ነው። ክፍያው 5,000 ብር ቢሆን እንኳ የሚፈለገው ትርፍ 11 በመቶ ይሆናል።

ስለዚህ የሴሚናር ዋጋ ብቻውን ውድ ወይም ርካሽ ሊባል አይችልም። የሚለካው በመነሻው ካፒታል ነው። 5 ሚሊዮን ብር ለሚያንቀሳቅስ ኢንቨስተር 15,000 ብር የአንድ ቀን የሥራ ወጪ ነው፤ ለጀማሪው ግን ከመጀመሪያው ግዢ በፊት የደረሰ ኪሳራ ነው። ኪሳራውም ከሌላው ኪሳራ ይለያል። የወደቀ አክሲዮን ሊነሳ ይችላል፤ የተከፈለ የሥልጠና ክፍያ ግን አይነሳም።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ክፍያውን የከፈለ ሰው «ገንዘቤን ልመልስ» በሚል ስሜት ቶሎ ቶሎ መግዛትና መሸጥ ይጀምራል። ቶሎ ቶሎ መግዛትና መሸጥ ደግሞ የሚያስከትለው ምን እንደሆነ በጥናት የታወቀ ነው።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፋይናንስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በአንድ የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት ዘንድ ሒሳብ የነበራቸውን 66,465 ቤተሰቦች ተከታትሏል። ጊዜው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 ነበር። በእነዚህ ዓመታት ገበያው በአማካይ በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው የሚገዙትና የሚሸጡት ቤተሰቦች ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን 100,000 ብር በመጀመሪያው መጠን ለ6 ዓመት ቢያድግ ወደ 268,000 ብር ይደርሳል፤ በሁለተኛው መጠን ግን ከ191,000 ብር ብዙ አያልፍም። ገንዘቡን የበላው በዋነኛነት ኮሚሽንና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በዕለቱ ገዝተው በዕለቱ የሚሸጡትን በተመለከተ ውጤቱ ከዚህ የከፋ ነው። ባርበርና ኦዲን ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው በታይዋን የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2006 ያደረጉት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በአስተማማኝ ሁኔታ ደጋግመው ሊያተርፉ የቻሉት የዕለት ነጋዴዎች ከ1 በመቶ ያነሱ ናቸው። በብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ሥራውን ከጀመሩት መካከል 1,551 ሰዎች ከ300 ቀናት በላይ ጸንተው ሠርተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 97 በመቶ የሚሆኑት ከስረዋል። ከአገሪቱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በላይ ያገኙት 17 ሰዎች፣ ከጀማሪ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ደመወዝ በላይ ያገኙት ደግሞ 8 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሁሉም የሚያስገርመው ጸንተው መሥራታቸው በራሱ ያላሻሻላቸው መሆኑ ነው። ተማሪ ብዙ ጊዜ በመቀመጡ ብቻ የሚማረው ገበያ አይደለም ማለት ነው።

የሕንድ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረገው ጥናት በ3 ዓመት ውስጥ በፊውቸርስና በኦፕሽን ውሎች ከተገበያዩት ከ10 ሚሊዮን በላይ ግለሰቦች 93 በመቶ የሚሆኑት መክሰራቸውን አስታውቋል። የጠፋው ገንዘብ በድምሩ ከ1.8 ትሪሊዮን ሩፒ በላይ ነው። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ በብድር በሚደረግ የዋጋ ልዩነት ግብይት ከግለሰብ ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት እንደሚከስሩ ገልጾ የብድሩን መጠን ገድቧል።

እነዚህ ጥናቶች ስለ ሴሚናር የተደረጉ አይደሉም። ሆኖም ለሴሚናር ገዢ መለኪያ ይሰጣሉ። ከ100 ሰዎች 90 በሚከስሩበት ሥራ «ሰልጣኞቻችን ሁሉ አትራፊዎች ናቸው» የሚል ድርጅት የተናገረውን በሰነድ እንዲያረጋግጥ ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ገበያ በትምህርት ይገኛል?

«ታዲያ ንግድ ጨርሶ አይማሩትም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ለዚህ በገበያ ታሪክ ውስጥ በሰፊው የሚታወቅ አንድ ሙከራ አለ።

የቺካጎው የምርት ነጋዴ ሪቻርድ ዴኒስ ከቤተሰብ ተበድሮ በጀመረው አነስተኛ ገንዘብ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሀብት ያፈራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከባልንጀራው ከዊልያም ኤክሃርት ጋር ተከራከረ። ዴኒስ «ነጋዴ በትምህርት ይፈጠራል» ሲል፣ ኤክሃርት «ነጋዴነት ተፈጥሮ ነው» አለ። ክርክሩን ለመቁረጥ በታላላቅ ጋዜጦች ማስታወቂያ ወጣ። ከአመልካቾቹ መካከል ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ሁለት ሳምንት ያህል ተማሩ። እነዚህም በኋላ «ኤሊዎቹ» በመባል ታወቁ።

የተማሩት ነገር የረቀቀ አልነበረም። የአንድ ምርት ዋጋ ያለፉትን 20 ቀናት ከፍተኛ ዋጋ ሲያልፍ መግዛት፤ ያለፉትን 10 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ ሲነካ ሸጦ መውጣት፤ በአንድ ግዢ ላይ ከሒሳቡ 2 በመቶ ገደማ በላይ ለአደጋ አለማጋለጥ፤ ትርፍ ሲመጣ ቸኩሎ አለመሸጥ የሚሉ ነበሩ። ከኤሊዎቹ በርካቶቹ በዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ትርፍ አግኝተዋል። ሕጎቹን አውቀው ሳለ መከተል ያቃታቸውም ነበሩ።

የሴሚናር ሻጮች ይህንን ታሪክ ለማስረጃ ይወዱታል። «ይኸው በሁለት ሳምንት ተምረው ከበሩ» ይላሉ። ነገር ግን ሁለት ነጥቦችን ይዘልላሉ። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ ለዴኒስ አልከፈሉም። ይልቁንም እርሱ ነው የሚነግዱበትን ገንዘብ የሰጣቸው፤ ከትርፉም የተወሰነ ድርሻ ነበራቸው። ተማሪው ሲከስር የሚከስረው አስተማሪው ነበር። በዚህ ምክንያት ዴኒስ የሚነገር ትምህርት ሳይሆን የሚሠራ ትምህርት ለመስጠት ተገድዷል። ሁለተኛ፣ ዴኒስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1988 ከባድ ኪሳራ ደርሶበት የሚያስተዳድራቸውን ፈንዶች ዘግቷል። ታላቁ አስተማሪም ቢሆን ከገበያው አላመለጠም።

የኤሊዎቹ ሕጎች ከጊዜ በኋላ ታትመው ማንም ሊያነባቸው በሚችልበት ሁኔታ ወጥተዋል። ሕጉን ማወቅ ብቻ ቢያከብር ኖሮ ያነበበው ሁሉ በከበረ ነበር። ተከታታይ ኪሳራ በመጣ ጊዜ ሕጉን ሳይለቁ መቆየት ግን በአዳራሽ ውስጥ የሚሸጥ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ በሕንድ ታይቷል። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ባወጣው ጊዜያዊ ትዕዛዝ «ባፕ ኦፍ ቻርት» በሚል ስም በኢንተርኔት ትምህርት ይሸጥ የነበረ ግለሰብ ከተባባሪዎቹ ጋር የሰበሰበውን 172 ሚሊዮን ሩፒ ያህል እንዲያስቀምጥ አዝዟል። በትዕዛዙ ላይ እንደተጠቀሰው ሰውየው ለተማሪዎቹ የተረጋገጠ ትርፍ እንዳለ ሲናገር፣ በራሱ የግብይት ሒሳብ ግን በ2 ዓመት ተኩል ውስጥ 28.9 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ከስሮ ነበር። ከገበያው ያጣውን ከተማሪዎቹ አገኘው ማለት ነው። ዴኒስና ይህ ሰው ሁለቱም «አስተማሪ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሄደ ሲታይ ነው።

ራስን ማስተማርም በነፃ አይደለም

ከላይ የተባለው ሁሉ «ሴሚናር ይቅር፣ ብቻዬን እማራለሁ» ለሚለው ሰው ፍጹም ድል አይደለም። የራስ ጥናትም የራሱ ክፍያ አለው። ክፍያው የሚሰበሰበው በደረሰኝ ሳይሆን በኪሳራ ነው።

ብቻውን የሚማር ሰው የመጀመሪያው ችግር የሚያርመው አለመኖሩ ነው። ሲያተርፍ «በችሎታዬ» ይላል፤ ሲከስር «ገበያው ነው» ይላል። በዚህ ሁኔታ 5 ዓመት ቢሠራ የአንድ ዓመት ስህተትን 5 ጊዜ መደጋገም ይሆናል። ሁለተኛው ችግር የሚያነበውን የሚመርጥለት አለመኖሩ ነው። በመደብርና በስልክ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ጽሑፍ ያሸነፉ ሰዎች ታሪክ ነው፤ የከሰረ ሰው መጽሐፍ አይጽፍም። ሦስተኛው፣ የሠንጠረዥና የምልክት ዕውቀት ቀድሞ የኩባንያ ሒሳብ ማንበብ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁለቱን መንገዶች አስማምቶ የተጠቀመ ሰው የሚጠቀስ ከሆነ ዋረን ባፌት ነው። ባፌት እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመውን የቤንጃሚን ግራሃም «ዘ ኢንተሊጀንት ኢንቨስተር» የተባለ መጽሐፍ ያነበበው የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ነበር ግራሃም ወደሚያስተምርበት ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የተማረው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። መጽሐፉ ቀደመ፤ መምህሩ ተከተለ። ባፌት አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ የሚጠይቀውን አውቆ ነበር። መምህሩም ራሱ በገበያው የሚሠራ ሰው ነበር።

ይህ ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። የጨርቅ ወይም የብረታ ብረት ንግድ የሚጀምር ወጣት ሴሚናር አይገባም። ዘመድ ሱቅ ተቀጥሮ ዕቃ ያወርዳል፣ ዋጋ ይሰማል፣ ዱቤ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ለይቶ ያውቃል። በራሱ ገንዘብ ሲጀምርም በትንሽ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው። በአክሲዮን ገበያም ቢሆን ይህ ሥርዓት አልተሻረም።

ሴሚናር የሚጠቅመው መቼ ነው?

የሚከፈልበት ትምህርት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስህተት ይሆናል። የሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች አሉ።

በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ሥልጠና ለሚጠይቅ ሰው ነው። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የአባላቱን ተወካዮች አሠልጥኖ ነው ወደ ግብይት መድረክ ያስገባው። በሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም የአገናኝነት ወይም የአማካሪነት ሥራ የሚሠራ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ትምህርቱ የሙያ መግቢያ ስለሆነ ክፍያው ከደመወዝና ከኮሚሽን ይመለሳል። የራሱን ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ጀማሪ ግን ክፍያው የሚመለሰው ከትርፍ ብቻ ነው፤ ትርፉ ደግሞ ዋስትና የለውም።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በውስን ርዕስ ላይ ሲሆን ነው። የኩባንያ ሒሳብ አነባበብ፣ የግብር አከፋፈል፣ የባለአክሲዮን መብት የመሳሰሉትን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከባለሙያ መስማት የወራት ድካም ይቆጥባል። እንዲህ ያለው ትምህርት ሲያልቅ ያልቃል፤ «የሚቀጥለው ደረጃ» የለውም።

ሦስተኛ፣ ተማሪው አስቀድሞ አንብቦ፣ በጥቂት ገንዘብም ሞክሮ፣ የተቸገረበትን ጥያቄ ይዞ ሲገባ ነው። ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የተነገረውን ሁሉ ያምናል። ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ አስተማሪውን ይመዝነዋል።

በውጭ ምንዛሪ ግብይት ላይ የሚሰጡ ሴሚናሮች ደግሞ ለብቻቸው መታየት ይገባቸዋል። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ተማሪውን ውጭ አገር ካለ አገናኝ ድርጅት ጋር ያስተዋውቁታል። ግብይቱ የሚደረገው በብድር ነው። ብድሩ የአስያዡን 30 እጥፍ ከሆነ ዋጋው 3.3 በመቶ ያህል በተቃራኒው ቢሄድ የተያዘው ገንዘብ ያልቃል፤ 100 እጥፍ ከሆነ ደግሞ 1 በመቶ ይበቃል። አስተማሪው ባስተዋወቀው ሰው ቁጥር ከአገናኙ ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ፣ ተማሪው አብዝቶ በገዛና በሸጠ ቁጥር አስተማሪው ይጠቀማል። ተማሪው ቢከስርም ኮሚሽኑ አይቀርም። ከዚህም ሌላ ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ድርጅት ከማስተላለፍ በፊት የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ምን እንደሚፈቅድ ባንክን መጠየቅ ግድ ነው።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጀማሪው የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

1. አስተማሪው ካለፈው ዓመት ገቢው ስንቱን ከገበያ፣ ስንቱን ከሥልጠና ነው ያገኘው? የገበያው ትርፍ በአገናኝ ድርጅት የሒሳብ መግለጫ ሊታይ ይችላል ወይ? የስልክ ምስል ማስረጃ አይደለም፤ የአንድ ወር ትርፍም ማስረጃ አይደለም።

2. አስተማሪው ተማሪው ሒሳብ በሚከፍትበት ድርጅት ዘንድ ኮሚሽን አለው ወይ?

3. የትምህርቱ ሙሉ ዋጋ ስንት ነው? ከዚህ በኋላ የሚከፈልበት ሌላ ደረጃ አለ ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ?

4. ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቢተው ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ደረሰኝስ ይሰጣል ወይ?

5. ትምህርቱ «ይህንን አክሲዮን ግዙ» የሚል ምክር የሚጨምር ከሆነ ምክር ሰጪው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ?

6. ካለፉት ሰልጣኞች ውስጥ ስንቱ ከሰሩ? ይህንን ለመመለስ ፈቃደኛ የሆነ አስተማሪ ቢገኝ ሊደመጥ የሚገባው እርሱ ነው። «ማንም አልከሰረም» የሚል ከሆነ ግን ከመቀመጫ መነሳት ይሻላል።

በ50,000 ብር ለሚጀምር ሰው

ለምሳሌ ያህል የተጠቀሰው ባለ 50,000 ብር ጀማሪ ምን ቢያደርግ ይሻለዋል? ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡ ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ወይም ለዕቁብ የማይፈለግ መሆኑን ያረጋግጥ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አንድም ብር ሳያወጣ ሊማር ይችላል። የ3 ወይም የ4 ባንኮችን ዓመታዊ ሪፖርት ሰብስቦ፣ የተጣራ ትርፋቸውን፣ ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ገቢ፣ የተመለሰ ያልተመለሰ ብድራቸውን እያነጻጸረ በደብተር ይጻፍ። ያልገባውን ቃል ከሒሳብ አዋቂ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይጠይቅ። በደብተሩ ላይ «ብገዛ ኖሮ» እያለ ዋጋ፣ ቀንና ምክንያት ያስፍር። ምክንያቱን መጻፍ ዋናው ነገር ነው። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲያየው ያተረፈው በትክክለኛ ምክንያት ይሁን በዕድል ይለያል። ራሱን የሚያርመው መምህር ይህ ደብተር ነው።

በሚቀጥሉት ወራት ከ10,000 ብር ያልበለጠ ገንዘብ አውጥቶ በእውነት ይግዛ። የልምምድ ግዢና የእውነት ግዢ አንድ እንዳልሆኑ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ በወረቀት ላይ የጠፋ ገንዘብ እንቅልፍ አይነሳም። ይህ 10,000 ብር ቢከስር እንኳ ከሴሚናር ክፍያ የሚለየው ነገር አለ። አክሲዮኑ በስሙ ይቀራል፤ የትርፍ ድርሻም ሊያስገኝለት ይችላል።

እዚህ ላይ የአገራችን ገበያ ጠባይም መታሰብ አለበት። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሲከፈት በመጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነበር። የተመዘገቡ ኩባንያዎች ጥቂት በሆኑበትና ሻጭና ገዢ እንደልብ በማይገናኙበት አዲስ ገበያ በየደቂቃው ዋጋ እያዩ መግዛትና መሸጥ የሚያስተምር የኒውዮርክ ወይም የለንደን ዘዴ ብዙም አይሠራም። እንዲህ ባለው ገበያ የሚጠቅመው ኩባንያውን ማወቅና መታገሥ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ በአብዛኛው በነፃ የሚገኝ ነው።

ይህንን ሁሉ ካደረገ በኋላ አሁንም ያልተመለሰለት ጥያቄ ካለ፣ ጥያቄውን ጽፎ የሚመልስለት ባለሙያ ይፈልግ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ቀን ሴሚናር የሚከፍለው ገንዘብ ሊያዋጣው ይችላል። ምክንያቱም የሚገዛው ተስፋ ሳይሆን መልስ ነው።

እንግዲህ በሴሚናርና በራስ ጥናት መካከል ያለው ክርክር የሚፈታው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ትንሽ ሙከራ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ በመጨረሻም ካስፈለገ ክፍያ። ይህንን ገልብጦ በክፍያ የሚጀምር ሰው ካፒታሉን ገበያው ሳይነካው አሳልፎ ይሰጣል። ገበያው ደግሞ ለጀማሪ የሚያዘጋጀው የራሱ ክፍያ ስላለው ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልግም።